የማን ልጅ እንደሆነ የማይጠይቅ ወረቀት

(ጅማ ላይ ለመምህራንና ለወላጆች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜያችሁን ለትምህርት ጉዳይ ስለሰጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ወጥ ፈተና ነው። ሁሉም ተማሪ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ሰዓት የሚሠራው፣ እርማቱም ለሁሉም አንድ የሆነው ፈተና። ሚኒስትሪ የምንለው የ8ኛ ክፍል፣ ማትሪክ የምንለው የ12ኛ ክፍል፣ አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሲጨርሱ የሚወሰደው የመውጫ ፈተና ማለቴ ነው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ብዙ ወላጅ በፈተና ተማሯል። "ልጄ 12 ዓመት ተምሮ በጥቂት ቀን ተጣለ" ይላል። ሐዘኑ ይገባኛል። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹን በስም አውቃቸዋለሁ። ግን "ፈተናው ይቅር" ሲባል አልስማማም። ቢቀር መጀመሪያ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ።

ጅማ ነንና ከቡና ልጀምር። ቡና ወደ ምርት ገበያ ሲገባ ከጭነቱ ላይ ናሙና ይወሰዳል። ናሙናው ኮድ ይሰጠዋል። ከዚያ ወደ ቅምሻ ይሄዳል። ቀማሹ ፊቱ ያለው ኩባያ የትልቅ ነጋዴ ይሁን የጎማ ወረዳ ገበሬዎች ማኅበር አያውቅም። ቀምሶ ደረጃውን ይጽፋል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ለምን በኮድ ሆነ? ቀማሹ ስለማይታመን አይደለም። ሐቀኛ ሰውም ቢሆን የሚያውቀውን ስም ሲያይ ሳይታወቀው ያዘነብላል። ወጥ ፈተና ለተማሪ የሚያደርግለት ይህንኑ ነው። ስሙን ከመልሱ ይለይለታል።

አሁን ደግሞ ካርዱን እንየው። ካርዱ ላይ 95 የተጻፈለት ልጅ አለ እንበል። ያ 95 የአንድ መምህር ጥያቄ፣ የአንድ መምህር እርማት፣ የአንድ ትምህርት ቤት ልማድ ነው። እዚህ 95 የሆነው ሌላ ትምህርት ቤት 60 ሊሆን ይችላል። እዚህ ያላችሁ መምህራን ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሴሚስተር ሲያልቅ ስልክ ይጮኻል። "መምህር፣ ሁለት ነጥብ ብቻ፤ ደረጃዋን እንዳታጣ።" የሚደውለው ማን ነው? ስልክ ቁጥራችሁን የሚያውቅ ሰው ነው። ጎረቤት ነው፣ የቢሮ ሰው ነው፣ አብሮ አደግ ነው። ከዴዶ ገጠር መጥታ እዚህ ኮቺ ሰፈር ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ አባት አይደውልም። እንደሚደወልም አያውቅም። የግል ትምህርት ቤት ሲሆን ደግሞ ሌላ ጫና አለ። ከፍሎ የሚያስተምር ወላጅ ዝቅተኛ ውጤት ካየ ልጁን ወደ ሌላ ይወስዳል። ስለዚህ ነጥቡ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ እንዲሆን ክፉ ሰው አያስፈልግም። ደግ ሰውና ይሉኝታ ይበቃሉ።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ቻይናዎች ሹመኛን በጽሑፍ ፈተና መምረጥ የጀመሩት ከ1,400 ዓመት በፊት ነው። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የተፈታኙን ስም ወረቀቱ ላይ መሸፈን ጀመሩ። ይህም አልበቃቸውም። አራሚው በእጅ ጽሑፉ ይለየዋል ብለው ሰጉ። ስለዚህ ጸሐፊዎች ተመድበው መልሱን ሁሉ እንደገና ገለበጡት፤ አራሚው የሚያነበው ግልባጩን ሆነ። በሺዎች የሚቆጠር ወረቀት በእጅ ሲገለበጥ አስቡት! ሥርዓቱ እስከ 1905 እ.ኤ.አ. ቆይቷል። ጉድለቱ ብዙ ነበር፤ ሴቶችን አያስገባም፣ ሽምደዳም አብዝቷል። ስሙን የመሸፈኑን ነገር ግን ያን ጊዜ ደርሰውበታል።

እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ አሜሪካ ውስጥ፣ ፍሎሪዳ፣ ብሮዋርድ በምትባል ካውንቲ የሆነው ነው። እዚያ ልዩ ችሎታ ላላቸው ልጆች የተለየ ፕሮግራም አለ። ቀድሞ ወደዚያ ለመግባት መጀመሪያ መምህር ወይም ወላጅ ልጁን መጠቆም ነበረበት። የተጠቆመው ብቻ ይፈተናል። ከሚገቡት መካከል የጥቁሮችና የሂስፓኒክ (የዘር ሐረጋቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሆነ) ቤተሰቦች ልጆች በጣም ጥቂት ነበሩ። በ2005 እ.ኤ.አ. አሠራሩ ተቀየረ። የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ አጭር ፈተና ይውሰዱ ተባለ። ጥቆማ መጠበቅ ቀረ። ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ውጤቱን አጠኑት። ካርድ በኋላ፣ በ2021፣ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው ነው። መግቢያ ነጥቡ አልተቀነሰም። ሆኖም የጥቁርና የሂስፓኒክ ልጆች ቁጥር በብዙ ጨመረ። ልጆቹ ቀድሞም እዚያው ነበሩ። ደህና መምህራን ፊት በየቀኑ ይቀመጡ ነበር። ግን "ይቺ ልጅ ትፈተን" ብሎ የጠቆማቸው አልነበረም። በኋላ በጀት ሲያጥር ለሁሉም የሚሰጠው ፈተና ቆመ፤ የቀድሞው ልዩነትም ተመልሶ መጣ።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር የራሳችን ክፍሎች ይታዩኛል። እኛ ጎበዝ የምንለው እጁን የሚያወጣውን ነው። ፊት የሚቀመጠውን፣ ዩኒፎርሙ የጸዳውን፣ ታላቅ ወንድሙን ያስተማርነውን። ኋላ ወንበር ላይ በዝምታ የምትቀመጥ፣ ጠዋት ውሃ ቀድታ እንጀራ ጋግራ የመጣች ልጅ ለውድድር ስንመርጥ ትዝ አትለንም። ሰዎች ነንና እንረሳለን። ወረቀቱ ግን አይረሳትም።

ፈተና ሲቀር ምን እንደሚሆን በኮቪድ ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ታይቷል። በ2020 የመልቀቂያ ፈተናው ተሰረዘ። መምህራን ለየተማሪያቸው ግምት ሰጡ። ግምቱ የተጋነነ ሆነና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በቀመር አስተካከለው። ቀመሩ ትምህርት ቤቱ ባለፉት ዓመታት ያመጣውን ውጤት ይመለከታል። ከግምቶቹ 40 በመቶ ገደማ ዝቅ ተደረጉ። ደካማ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ጎበዝ ልጅ ከእሱ በፊት የነበሩት ስላልቀናቸው ተቀነሰበት። ጥቂት ተማሪ ያላቸው ክፍሎች ብዙም አልተነኩም፤ እንዲህ ያሉ ክፍሎች ደግሞ የሚበዙት የግል ትምህርት ቤት ነው። ወጣቶቹ ሰልፍ ወጡ። በቀናት ውስጥ ቀመሩ ተሽሮ የመምህራኑ ግምት ጸደቀ። ጎበዙ ልጅ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ተቀምጦ መፈተን።

ወደ አገራችን ልመለስ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣ፤ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ። ከዚያ በኋላም ኩረጃው አልቀረም። በቡድን ሆነ፣ በስልክ ሆነ። በመጨረሻ የ2014 ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ተወሰነ። ልጆቻችን ፍራሽና ብርድ ልብስ ተሸክመው ሲሄዱ አይተናል። ውጤቱ ሲወጣ አገር ደነገጠ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በዚያ ዓመት ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ትንሽ ተሻሽሎ 5.4 በመቶ ሆነ።

ያኔ ብዙ ሰው "ፈተናው ከበደ" አለ። እስቲ አብረን እናስላው። ጥያቄው ምርጫ ነው፤ አራት አማራጭ አለው። ምንም የማያውቅ ተማሪ ዝም ብሎ ቢያጠቁር በአማካይ 25 በመቶ ያገኛል። አሁን ከጥያቄዎቹ ሲሶውን ብቻ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ተማሪ እንውሰድ። 33 አገኘ። የቀሩትን 67 ጥያቄዎች በግምት አጠቆረ፤ ከእነሱ ሩቡ ይሳካለታል፤ ወደ 17 ነው። ድምሩ 50 ሆነ። ስለዚህ 50 በመቶ ማለት የትምህርቱን ግማሽ ማወቅ እንኳ አይደለም። ሲሶውን ማወቅ ነው። ልጆቻችን ያልደረሱት እዚያ ነው። እነዚሁ ልጆች ግን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል እያለፉ ነው የመጡት። ብዙዎቹ ካርድ ላይ 80ና 90 አለ።

ይህን ስናገር ልጆቹን እየወቀስኩ እንዳይመስላችሁ። አንድ መጽሐፍ ለአምስት ልጅ ሲካፈል አይቻለሁ። የፊዚክስ መምህር አጥቶ ሴሚስተሩን የጨረሰ ክፍል አውቃለሁ። ቁም ነገሩ ይህ ነው፤ ፈተናው ባይኖር ይህን ሁሉ ማን ያምነን ነበር? ሪፖርቱ ያምር ነበር። ካርዱ ያምር ነበር። አባትየው ልጁ ጎበዝ እንደሆነ እያመነ ይኖራል፤ እውነቱን የሚያየው ልጁ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ነው። ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፏል።

የመውጫ ፈተናውም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 2015 ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰጥ 150 ሺህ ገደማ ተመራቂዎች ወሰዱት። ያለፉት 40 በመቶ ያህል ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ አለፉ። ከግል ተቋማት 17 በመቶ። እዚህ ዞን ቡናውን ሸጦ፣ በሬውን ሸጦ ለልጁ ኮሌጅ የከፈለ አባት ብዙ ነው። ይህን ቁጥር ማወቅ መብቱ ነው። ተቋም መርጦ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቅበት የሚችለው ሌላ ምን ነገር ነበረው? ማስታወቂያና የሚያምር ሕንፃ ብቻ።

አሁን ተቃውሞዎቹን ላንሳ። ሁሉም እኩል ክብደት የላቸውም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የቋንቋው ነው። እዚህ ኦሮሚያ ውስጥ አብዛኛው ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራል። 9ኛ ሲገባ ሁሉም ትምህርት እንግሊዝኛ ይሆንበታል። በአራት ዓመት ውስጥ ባዮሎጂውንም እንግሊዝኛውንም አንድ ላይ ይሸከማል። ፈተናው ባዮሎጂ ይባላል፤ ግማሹ ግን የእንግሊዝኛ ፈተና ይሆናል። ይህ እውነተኛ በደል ነው። "ሁሉም እኩል ነው የሚፈተነው" ብሎ ማለፍ አይቻልም። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። የእንግሊዝኛ ፈተና ካልሆነ በቀር ጥያቄዎቹ በአጫጭርና በቀላል ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ኦስሞሲስን ለመጠየቅ የአንድ ገጽ ታሪክ አያስፈልግም። ደግሞም ሽግግሩ የሚከብደው የት ላይ እንደሆነ በ9ኛ ክፍል መጀመሪያ ይለካ፤ 12ኛ እስኪደርስ አይጠበቅ። ፈተናውን ብናነሳው ግን የቋንቋው ገደል እዚያው ይቆያል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንደኛ ዓመት ላይ ብቻውን ይወድቅበታል።

"ፈተና ሀብታምን ይጠቅማል፤ ቱቶር ይቀጥራል" ይባላል። አዎ፣ ይቀጥራል። ግን ፈተና ቢቀር ሀብታሙ ምን ያጣል? ካርድ ላይ ነጥብ ማስጨመር ይችላል። የድጋፍ ደብዳቤ ማስጻፍ ይችላል። ውድ ትምህርት ቤት ማስገባት ይችላል። ድሃው ቢያንስ የድሮ ፈተና ፎቶ ኮፒ አድርጎ ማጥናት ይችላል። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኮቪድ ጊዜ የመግቢያ ፈተናውን ትቶ ነበር። በ2022 መለሰው። ከሰጡት ምክንያት አንዱ ይህ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ከፍተኛ ኮርስ የማግኘት ዕድል ያልነበረው፣ ከአነስተኛ ቤተሰብ የመጣ ተማሪ ዝግጁነቱን የሚያሳይበት መንገድ ፈተናው ነው አሉ።

"ፈተና ፈጠራን አይለካም፣ ጠባይን አይለካም" ለሚሉት፣ ልክ ናችሁ። እኔም ለዚያ አልፈልገውም። ክፍልፋይ መደመር መቻሉን ይንገረኝ፤ ይበቃኛል።

የሽምደዳው ክስ ግን ጥያቄ አዘጋጁን ይመለከታል። መጥፎ ጥያቄ ሽምደዳን ያመጣል። "ይህ ሕግ የወጣው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው" ብለን ከጠየቅን ቀኑን ይሸመድዳሉ። ግራፍ ሰጥተን አንብቡ ካልን ግራፍ ማንበብ ይለማመዳሉ። ደግሞ መፈተን ራሱ ያስተምራል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ አለ። ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ አነበቡ። ከፊሉ ደጋግሞ አነበበው። ሌላው ወረቀቱን ዘግቶ የሚያስታውሰውን በተደጋጋሚ ጻፈ። ከሳምንት በኋላ ራሱን የፈተነው ቡድን ደጋግሞ ካነበበው ይልቅ ብዙ አስታወሰ። ለልጆቻችሁ ዛሬ ማታ ልትነግሯቸው የምትችሉት ነገር ነው። ደብተር ላይ አፍጥጦ ከመቀመጥ ደብተሩን ዘግቶ ራስን መጠየቅ።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ፈተናው በጣም ዘግይቶ ይመጣል። በ2010 እ.ኤ.አ. በአገራችን በ2ኛና በ3ኛ ክፍል የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው የምላችሁ። ማንበብ የማይችል ልጅ ከክፍል ክፍል ሲገፋ ይኖራል፣ ከዓመታት በኋላ ማትሪክ ላይ ይወድቃል፣ እኛም "ማትሪክ ጣለው" እንላለን። የወደቀው 2ኛ ክፍል ነበር። ያኔ ያየው ሰው አልነበረም። ትልቁ ፈተና ያን ያህል አስፈሪ የሆነውም ከእሱ በፊት፣ በታችኞቹ ክፍሎች፣ እውነቱን የነገረን ፈተና ስለሌለ ነው።

ስለዚህ ለጅማ አንድ ሥራ ይዤ መጥቻለሁ። ትምህርት ቤቶቻችን በጉድኝት ማዕከል፣ ማለትም ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በአንድ ቡድን ሆነው፣ የተደራጁ ናቸው። በአንድ ጉድኝት ያሉ ትምህርት ቤቶች ለ3ኛ ክፍል ንባብና ለ6ኛ ክፍል ሒሳብ አንድ የጋራ ፈተና ያዘጋጁ። ሒሳቡ 20 ጥያቄ ይሁን፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። ልጁ በስሙ ፈንታ ኮድ ይጻፍ። ወረቀቱ ተለዋውጦ በሌላው ትምህርት ቤት መምህራን ይታረም። ንባቡ በቃል ስለሆነ የሚያስነብበውም ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ መምህር ይሁን። ውጤቱ ሲመለስ ድምሩን ብቻ አትመልሱ፤ በየጥያቄው ስንት ልጅ እንደሳተ ጻፉ። ከ50 ልጅ 40ው የክፍልፋይ ጥያቄ ከሳተ፣ መምህሩ ሰኞ ምን እንደሚያስተምር ያውቃል። ደረጃ አይውጣ። አንደኛ፣ ሁለተኛ አይባል። ልጅም በዚህ ክፍል አይድገም።

መምህርም በዚህ አይቀጣ፤ እዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። አሜሪካ አትላንታ ከተማ ውስጥ የመምህራንና የርዕሳነ መምህራን እንጀራ ከፈተና ውጤት ጋር ታስሮ ነበር። የተማሪዎችን የተሳሳተ መልስ በላጲስ እያጠፉ ትክክለኛውን የሚያጠቁሩ መምህራን ተገኙ። በ2015 እ.ኤ.አ. 11 የትምህርት ባለሙያዎች ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሏቸዋል። ለማየት የምንጠቀምበትን ነገር አለንጋ ካደረግነው መምህሩ መደበቅ ይጀምራል። መብቱም ነው ባልልም፣ ይገባኛል።

ወጪው ወረቀትና ማባዣ ነው። ወላጅ ኮሚቴዎች ከተስማማችሁ ለመጀመሪያው ዙር የሚከብድ አይመስለኝም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ከድሮም ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ በማውጣት የሚታወቅ ነው። የሒሳብና የስታቲስቲክስ ተማሪዎች ውጤቱን በመተንተን እንዲያግዙን በደብዳቤ እንጠይቃለን።

ጥያቄ በማዘጋጀት መሳተፍ የምትፈልጉ መምህራን ከመውጣታችሁ በፊት አናግሩኝ። የምፈልገው የሒሳብ መምህራንን ብቻ አይደለም። የአፋን ኦሮሞና የአማርኛ መምህራን እያንዳንዱን ጥያቄ አንብባችሁ፣ ለ12 ዓመት ልጅ የማይገባ ቃል ካለ እንድትሰርዙልን እፈልጋለሁ።